ከኬጅ የወጡ የፈረንጅ ዶሮዎችን ለየቤቱ ማከፋፈል (ጎንደር)

ጠዳ_ሜዳ

ሰላም ለሁላችሁም። አዘዞ አካባቢ ያለ የእንቁላል እርባታ 78 ሳምንት የሞላቸውን ቦቫንስ ብራውን የተባሉ የእንቁላል ዶሮዎች ከኬጅ (ከጠባብ የሽቦ ቤት) ሊያስወጣ ነው። ሁሉም ለሥጋ ከሚሄዱ 60ዎቹን ለስድስት ቤተሰብ፣ ለየቤቱ አሥር አሥር አድርገን ልናከፋፍል ተስማምተናል። ቤቶቹ ማራኪና ወለቃ አካባቢ ናቸው። ሦስቱ ቤት ያበሻ ዶሮ አለ፤ ክትባት ግን ወስዶ አያውቅም። ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው፦ ከእርባታው አውጥተን በዚያው ቀን ማደል እንችላለን? ካበሻዎቹ ጋር መቀላቀልስ? ምን ይብሉ? ስንት ጊዜስ ይጥላሉ? የምታውቁ ሰዎች በዝርዝር ጻፉልን።

አንገረብ_የእንስሳት_ጤና

በዚያው ቀን አታድሉ። ሌላው ምክር ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው።

የእርባታ ዶሮ ከጫጩትነቷ ጀምሮ ለፈንግል ደጋግማ ተከትባለች። የተከተበች ዶሮ ራሷ ሳትታመም የፈንግልን ቫይረስ ተሸክማ በኩሷና በትንፋሿ ልታስተላልፍ ትችላለች። ክትባት የማያውቁት ያበሻ ዶሮዎች መካከል ስትገባ እሷ ደህና ሆና እነሱ በሳምንት ውስጥ ያልቃሉ። ሰው ታዲያ «የፈረንጅ ዶሮ ገድ የላትም» ይላል፤ ነገሩ ግን የክትባት እንጂ የገድ አይደለም። የዶሮ ታይፎይድና የመተንፈሻ በሽታው ማይኮፕላዝማም እንደዚሁ ናቸው። ተሸካሚዋ ደህና መስላ ትኖርና ጉዞ፣ ብርድ ወይም የመኖ ለውጥ ሲያስጨንቃት በሽታውን መርጨት ትጀምራለች።

ስለዚህ ስድሳዎቹን በአንድ ግቢ፣ ሌላ ዶሮ በሌለበት፣ 21 ቀን ለብቻ አቆዩ። በመጀመሪያው ሳምንት የሦስቱን ቤት ያበሻ ዶሮዎች አስከትቡ፤ መከላከያው እስኪዳብር ሁለት ሳምንት ገደማ ስለሚፈልግ ሁለቱ ጉዳይ እኩል ያልቃል። ክትባቱን ከእንስሳት ክሊኒክ ጠይቁ። ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም የሚያመርተውና ሙቀትን ሻል አድርጎ የሚቋቋመው አይ-2 የተባለው የፈንግል ክትባት ካለ እሱን ምረጡ፤ አንድ ጠብታ በአንድ ዓይን፣ በየሦስት ወይም አራት ወሩ ይደገማል። ሙቀት ይቋቋማል ማለት ፀሐይ ላይ ይቀመጣል ማለት ስላልሆነ በፔርሙዝ ከበረዶ ጋር ውሰዱት። የተበጠበጠ ብልቃጥ ለነገ አይቀመጥም። የጎረቤት ዶሮዎች ሁሉ በአንድ ጠዋት ይሰብሰቡ፤ ዶሮዎቹ ሳይለቀቁ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ብትጀምሩ ይቀላል።

በመጠጥ ውሃ የሚሰጠውን ላሶታ የተባለ ሌላ የፈንግል ክትባት ከኬጅ ለወጡት አልመክርም። ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሳህን መጠጣት አያውቁም፤ ያልጠጣች ደግሞ አልተከተበችም። የግድ ከሆነ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ቫይረሱን ስለሚገድለው በሊትር 2.5 ግራም ቅባቱ የወጣለት የዱቄት ወተት በጥብጡበት፣ ግማሽ ሰዓት አቆዩት፣ ከዚያ ክትባቱን ጨምሩ። ለ60 ዶሮ 3 ሊትር ይበቃል፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት።

በ21 ቀኑ ውስጥ የምታስነጥስ፣ ዓይኗ የሚያብጥ፣ አረንጓዴ ተቅማጥ ያላት ወይም አንገቷ የሚጣመም ዶሮ ከታየች ማንም ምንም አያድል። የሞተችው ሳትበሰብስ በላስቲክ ተጠቅልላ ለምርመራ ትሂድ፤ የዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚሁ ጎንደር ነው።

ባሕር_ዛፍ_ቆጥ

ከላይ በተጻፈው እስማማለሁ። እኔ ስለ አያያዙ ልጨምር፤ ብዙ ዶሮ የሚጎዳው ከእርባታው በር እስከ ባጃጁ ባለው መንገድ ነውና።

ከዓመት በላይ ስትጥል የኖረች ዶሮ ለቅርፊቱ የሚሆነውን ካልሲየም ከአጥንቷ ስትወስድ ቆይታለች። ኬጅ ውስጥ ስላልተራመደችና ክንፏን ስላልዘረጋች ደግሞ አጥንቷ አልጠነከረም። እንደ ገበያ ዶሮ እግሯን ይዞ ቁልቁል ማንጠልጠል እግር ወይም ክንፍ ይሰብራል። በሁለት እጅ፣ መዳፍን ክንፎቿ ላይ አድርጋችሁ፣ ደረቷን ደግፋችሁ አውጡ። ከኬጁ በር ስትወጣ ክንፏ ሽቦው ላይ ይቀረቀራል፤ እግሯን አስቀድማችሁ ወደ ኋላ ሳቧት።

ስትመርጡ እያንዳንዷን በእጃችሁ ዳስሱ። የደረቷ አጥንት እንደ ቢላ ስለት ከወጣና ግራና ቀኙ ሥጋ ከሌለው ተዉአት። ሆዷ እንደ ውሃ ከረጢት የሚንቀጠቀጥ ከሆነ እንቁላሉ ወደ ውስጥ ፈስሶ ቋጥሯል፤ አትድንም። እየጣለች ያለች ዶሮ የዳሌ አጥንቶቿ ጫፎች መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጣት ያስገባል፤ የእንቁላል መውጫዋ ሰፊና እርጥብ ነው። አንድ ጣት ብቻ ከገባና ደረቅ ከሆነ መጣል አቁማለች። የላባ መርገፍና ራሷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ገርጥቶ መንጠልጠሉ አያስፈራ፤ ፀሐይና እንቅስቃሴ ስታገኝ ይስተካከላል።

ጆንያ አትጠቀሙ። 80 በ55 ሴንቲ ሜትር የሆነ የፕላስቲክ የዶሮ ሣጥን 8 ዶሮ ይይዛል፤ ለ60 ዶሮ ስምንት ሣጥን ማለት ነው። ንጋት ላይ ጫኑ፣ ሣጥን በሣጥን ላይ ስትደርቡ የጎኑ ቀዳዳ አይዘጋ።

ጠዳ_ሜዳ

እግዜር ይስጥልን። የ21 ቀኑ ቤት ስንት ካሬ ይሁን? ሲሚንቶ ወለል ያለው ባዶ ክፍል አግኝተናል፣ 3 በ4 ሜትር።

ባሕር_ዛፍ_ቆጥ

12 ካሬ ለ60 ዶሮ ልክ ነው፤ አምስት ዶሮ በካሬ። ሲሚንቶው ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ ጉዝጓዝ አድርጉ፤ የጤፍ ጭድ ከሰጋቱራ ጋር ሲደባለቅ ጥሩ ነው፣ ጭድ ብቻውን ሲረጥብ ይጋገራል። እጃችሁ ውስጥ ጨምቃችሁት እንደ ኳስ ከተያያዘ እርጥብ ነውና ቀይሩ። መስኮቱን ሙሉ በሙሉ አትዝጉ። ስትገቡ ዓይናችሁን የሚቆጠቁጥ ሽታ ካለ እነሱን አስቀድሞ ቆጥቁጧቸዋል።

ቆጥ አያውቁም። ያበሻ ዶሮ ከጣሪያው ማገር ላይ ብትወጣ እነዚህ ወለሉ ጥግ ላይ ተደራርበው ያድራሉ፣ ከሥር ያለችው ልትታፈን ትችላለች። ከወለሉ 25 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ያለ፣ 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ክብ የባሕር ዛፍ አጣና አጋድሙ፤ ቅርፊቱ ይላጥ፣ ተባይ ይደበቅበታልና። ለአንድ ዶሮ 18 ሴንቲ ሜትር ሒሳብ ያዙ። ቶሎ አታንሱት፤ ከአንድ ሜትር ቆጥ የዘለለች ዶሮ የደረት አጥንቷን ትሰብራለች። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ሲደነግዝ፣ እየያዛችሁ አንድ በአንድ ቆጡ ላይ አስቀምጧቸው። ከአምስት እስከ አሥር ቀን ይፈጃል። አንድ ሁለቱ ሲለምዱ ሌሎቹ ይከተላሉ።

ውሃም እንደዚሁ ነው። ኬጅ ውስጥ የሚጠጡት ከኒፕል (በምንቃር ሲነካ ውሃ ከሚያንጠባጥብ ጫፍ) ነው፤ ሳህን ላይ ያለ ውሃ ለእነሱ ውሃ አይመስላቸውም። ከእርባታው ጥቂት ኒፕሎች ለምኑና ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሥር ሰክታችሁ ስቀሉት፣ ለአሥር ዶሮ አንድ፣ ዶሮዋ አንገቷን ቀና አድርጋ የምትደርስበት ከፍታ ላይ። ጎኑ ሳህን አስቀምጡ። የመጀመሪያ ቀን የእያንዳንዷን ምንቃር ጫፍ አንዴ ውሃው ውስጥ ንከሩት፤ አፍንጫዋ እንዳይገባ። በቀን ሩብ ሊትር ያህል ትጠጣለች። ከሰዓት በኋላ ጀሪካኑ ካልጎደለ አልጠጡም ማለት ነው።

ፉርሽካ

ስለ መኖ። እርባታው ይሰጥ የነበረውን መኖ ቢያንስ የአሥር ቀን ገዝታችሁ ውሰዱ። 60 ዶሮ በቀን 120 ግራም ሲሆን 7.2 ኪሎ፣ ለአሥር ቀን 72 ኪሎ። ከዚያ በየሁለት ቀኑ ሩብ እየለወጣችሁ ወደ ራሳችሁ መኖ አሸጋግሩ። ድንገት ማሽላ ብቻ የተሰጣት ዶሮ በሳምንት ውስጥ መጣል ታቆማለች ወይም ቅርፊት አልባ ትጥላለች።

እዚህ በሚገኝ ነገር ለ100 ኪሎ፦ የተፈጨ በቆሎ 50፣ ፉርሽካ 12፣ የኑግ ፋጉሎ 16፣ የአኩሪ አተር ፋጉሎ 12፣ የኖራ ድንጋይ 8.4፣ ዲካልሲየም ፎስፌት 1 ኪሎ፣ ጨው 350 ግራም፣ የጣይ ዶሮ ፕሪሚክስ (የቫይታሚንና የማዕድን ቅልቅል) 250 ግራም። ፕሮቲኑ 16 በመቶ ገደማ፣ ካልሲየሙ 3.5 በመቶ ይመጣል። ጨውና ፕሪሚክሱን መጀመሪያ በሁለት ኪሎ በቆሎ ዱቄት አሽታችሁ ከዚያ ወደ ብዙው ጨምሩ፣ አለዚያ አንዷ ጨው ትበላለች ሌላዋ ምንም። ኑግ ቃጫው ብዙ ስለሆነ ከ20 ኪሎ አታሳልፉ። የአኩሪ አተር ፋጉሎ ጠፍቶ ፍሬውን ከገዛችሁ ቆሉት፤ ጥሬው ፕሮቲኑ እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለው።

የኖራው ግማሽ ደቃቅ፣ ግማሹ የምስር ፍሬ የሚያህል ጠጠር ይሁን። ቅርፊቱ የሚሠራው ሌሊት ነው፣ ደቃቁ ግን እስከዚያ አልፏል፤ ጠጠሩ ሆዷ ውስጥ ቀስ ብሎ ይሟሟል። አመሻሽ ላይ ለብቻው በጣሳ አስቀምጡላቸው። የእንቁላል ቅርፊትም ይሆናል፤ ምጣድ ላይ አድርቃችሁ ቅርጹ እስኪጠፋ ድቀቁት፣ እንቁላል መብላት እንዳትለምድ።

አንድ ነገር አስተውሉ። እርባታዎች ብዙ ጊዜ ምንቃራቸውን ይቆርጣሉ። የላይኛው ምንቃሯ ያጠረ ዶሮ ከሜዳ ላይ ፍሬ መልቀም አትችልም፤ ደጋግማ ስትወጋ ፍሬው ይሸሻታል። መሬት ላይ እህል በትናችሁ «በልተዋል» እንዳትሉ። ቢያንስ 3 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ገንዳ የተፈጨ መኖ ስጧት፣ ለአንድ ዶሮ 10 ሴንቲ ሜትር የገንዳ ጠርዝ።

ቀበሌ_ልጅ

አተላና ድርቆሽስ? እኛ ጋ ያበሻ ዶሮ የሚበላው እሱን ነው።

ፉርሽካ

ወንድሜ፣ ትኩስ የጠላ አተላ ጨምቀህ ለአሥር ዶሮ ሁለት እፍኝ ብትሰጥ አይጎዳም። ከዚያ በላይ ከሆነ ሆዷን በውሃ ሞልታ መኖዋን ትተወዋለች። ያደረ፣ የኮመጠጠ አተላ አይሆንም። የካቲካላ አተላ ጭራሽ አይሰጥ። ድርቆሽ ነጭ ወይም አረንጓዴ ነጥብ ካለው ጣለው፤ የሻጋታው መርዝ ጉበቷን ይመታል፣ እነዚህ ደግሞ ኬጅ ውስጥ ሲቀመጡ ጉበታቸው ስብ ይዟል። የወጥ ትራፊ ጨውና ዘይት ነው፣ ይቅርባቸው።

ማራኪ_21

በእርባታው 16 ሰዓት መብራት የለመዱ ናቸው። የጎንደር ቀን ደግሞ ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 13 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። መብራቱ ድንገት ሲቀነስ ላባቸውን ያረግፋሉ፣ እንቁላልም ያቆማሉ። አምፖል ስቀሉ።

አንገረብ_የእንስሳት_ጤና

አምፖሉ ላይ ከማራኪ_21 ትንሽ እለያለሁ። ላባ መቀየር ለእነዚህ ዶሮዎች ዕረፍት ነው። ከስድስት እስከ አሥር ሳምንት ያቆሙና አዲስ ላባ ለብሰው፣ ቅርፊቱ የጠነከረ እንቁላል ይዘው ይመለሳሉ። ሳያርፍ በመብራት የሚገፋ 78 ሳምንት ያለፈው ዶሮ ቅርፊቱ እየሳሳ፣ እንቁላል መውጫው እየተገለበጠ ይሄዳል። ገላው ግማሽ የተራቆተ መንጋ በአምፖል ባይገፋ እመርጣለሁ። ላባቸው ሙሉ ከሆነና ቤተሰቡ እንቁላሉን ከፈለገ ግን 14 ሰዓት ይበቃል። አምፖሉ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ይብራ። ማታ አታድርጉት፤ ድንገት ሲጠፋ ወለል ላይ እያሉ ይጨልምባቸዋል፣ ቆጥ ላይ መውጣት ያቅታቸዋል።

ማራኪ_21

የማታውን ነገር ተቀብያለሁ፣ ጠዋት ይሻላል። ዕረፍቱን በተመለከተ ግን ተቀባዮቹ ከመጀመሪያው ይነገራቸው። «እንቁላል ጣይ» ተብሎ ተሰጥቷቸው ሁለት ወር ባዶ ሲያዩ ቢላ ያነሳሉ።

ወለቃ_በር

በግልጽ ልጠይቅ፣ ቅሬታ አይደለም። አሮጌ ዶሮ አይደለም እንዴ? ለፋሲካ ታርዶ ወጥ ቢሆን ምን ነውር አለው?

ፉርሽካ

ነውር የለውም እትዬ፣ ጥያቄዎ ትክክል ነው። ሒሳቡን እንዲህ ይያዙት። አንድ ዶሮ በወር 3.6 ኪሎ ትበላለች። ከመቶ ዶሮ 60 እንቁላል በቀን የሚገኝ ከሆነ አንዷ በወር 18 ትጥላለች፣ ስለዚህ አንድ እንቁላል 200 ግራም መኖ ያስወጣል። የአንድ ኪሎ መኖ ዋጋ ለአምስት ሲካፈል የእንቁላልዎ የመኖ ወጪ ነው። 40 ከሆነ 12 እንቁላል፣ 300 ግራም። የጎረቤት ሱቅ የሚሸጥበት ዋጋ ከዚህ በላይ እስከሆነ ድረስ ዶሮዋ ራሷን ትመግባለች። ግቢ ውስጥ ትልና ሣር ስታገኝ መኖዋም ይቀንሳል።

ለሥጋ ካሰቧት መድኃኒት ከወሰደች በኋላ ብልቃጡ ላይ የተጻፈው የመቆያ ቀን ይለፍ። እንቁላሉም ቢሆን በዚያ ቀን ውስጥ አይበላ፣ አይሸጥ። ይህ በጾም መያዣ ሰሞን ገበያ የሚወጣውን እንቁላል ሁሉ የሚመለከት ነው።

አንገረብ_የእንስሳት_ጤና

እትዬ ያነሱት ነጥብ ሌላም ነገር ያስታውሰኛል። ከኬጅ የወጡ ሴቶችን ያለ አውራ ሲያዩ እንቁላላቸውን ለምትታቀፍ ያበሻ ዶሮ ለማስታቀፍ የሚያስቡ አሉ። አውራ ካልነካቸው ጫጩት የለውም። አውራ ከገባ በኋላ ቢፈለፈልም ጫጩቶቹ እናታቸውን አይመስሉም፣ የተዳቀሉ ናቸውና። ታይፎይድ በእንቁላል ውስጥ ወደ ጫጩት ስለሚያልፍም አይመከርም። እነሱ ራሳቸው አይታቀፉም፤ ያ ባሕርይ በመረጣ ወጥቶላቸዋል።

ኮክሲዲዮሲስን (በኩስ የሚተላለፈውን የአንጀት ጥገኛ በሽታ) አትርሱ። ኬጅ ውስጥ ኩሳቸው በሽቦው ሾልኮ ስለሚወድቅ ከዚህ በሽታ ጋር አልተዋወቁም፣ መከላከያ የላቸውም። እርጥብ ጉዝጓዝ ላይ ሲወጡ በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ውስጥ ይገለጣል፦ ክንፋቸውን ጥለው ይቆዝማሉ፣ ደም የተቀላቀለበት ወይም ቡናማ ተቅማጥ ይታያል። አምፕሮሊየም በውሃ ይሰጣል፣ መጠኑ እንደ ዱቄቱ ጥንካሬ ስለሚለያይ የመለያውን መጠን ተከተሉ፤ በእነዚያ ቀናት ሌላ የውሃ ምንጭ አይኑር። «ለመከላከያ» ተብሎ የሚበጠበጥ ኦክሲቴትራሳይክሊን ኮክሲዲዮሲስን አይነካም።

የላባ ቅማልና ሌሊት ከቆጡ ስንጥቅ ወጥቶ ደም የሚመጥ ቀይ ተባይም አለ። ለቅማሉ ጥልቀቱ 20 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሳጥን እኩል አመድና ደረቅ አፈር አድርጉላቸው። ኬጅ ውስጥ ሳሉ በሽቦው ላይ የአፈር መታጠብ ሲያስመስሉ የኖሩ ዶሮዎች አፈሩ ውስጥ ገብተው ግማሽ ሰዓት ሲገላበጡ ታያላችሁ። የማሳ ፀረ ተባይ፣ ማላታይን ይሁን ሌላ፣ ዶሮ ላይ አትርጩ፤ ቆዳዋ ባዶ ስለሆነ በቀጥታ ይገባል።

ባሕር_ዛፍ_ቆጥ

ከ21 ቀን በኋላ ለየቤቱ ስታደርሱ አሥሩን በአንድ ጊዜ አድርሱ፣ ሁለት ሁለቱን አትበትኑ። ያበሻዎቹ ስለሚበረቱባቸው ሁለቱ ይወጋሉ፤ ምንቃሯ የተቆረጠችው አትመልስም። ለአንድ ሳምንት በሽቦ ለይታችሁ እየተያዩ ይክረሙ፣ ከዚያ ሁለት ገንዳና ሁለት ውሃ በግቢው ግራና ቀኝ አስቀምጣችሁ ምሽት ላይ ቀላቅሉ። ደም የታየባትን በዚያው ደቂቃ አውጧት፣ ቀይ ነገር ያዩ ዶሮዎች ይረባረባሉ።

ከጭልፊት መሸሽ አያውቁም። ያበሻዋ አውራው ሲጮህ ቁጥቋጦ ትገባለች፣ እነዚህ ቀና ብለው ያያሉ። የመጀመሪያውን ወር ባለ ሽቦ ክዳን ግቢ ውስጥ ይዋሉ። ለሸለምጥማጥ የዶሮ ሽቦው ቀዳዳ 12 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ በትልቁ ቀዳዳ እግሯን ጎትቶ ይበላል። ሽቦው 30 ሴንቲ ሜትር መሬት ውስጥ ይቀበር። ቤቱ ከምሥራቅ ፀሐይ ያግኝ፣ ከሰዓት ጥላ ይኑረው፣ የተራቆተው ጀርባቸው ይቃጠላል።

ማራኪ_21

ወቅቱ ላይ አንድ ነገር። እርባታዎች ዶሮ የሚያስወጡት ለበዓል ሲቃረብ ነው፣ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ፤ ያኔ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ገበያውም ከየቦታው በመጣ ዶሮ ስለሚጨናነቅ ፈንግል ይዞራል። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ግን ለዶሮም ለእንቁላልም ፈላጊ ይቀንሳል፣ እርባታው መኖ ከመጨረስ ብሎ በርካሽ ይሰጣል። ወራቱም ደረቅና ሞቃት ነው። ላባ የሌላት ዶሮ በሐምሌና ነሐሴ ጭቃ፣ ወይም በኅዳርና ታኅሣሥ የጎንደር ሌሊት ብርድ ብትወጣ የምትበላው ለሙቀት ብቻ ይሆናል።

ለመረጃ ያህል፣ የአውሮፓ ኅብረት ቆጥም መጣያም የሌለውን ባዶ ኬጅ በ1999 መመሪያ አውጥቶ ከ2012 ጀምሮ አግዷል (በፈረንጅ አቆጣጠር)። ከመታገዱ በፊት ለአንድ ዶሮ ይፈቀድ የነበረው 550 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፣ ከአንድ የማመልከቻ ወረቀት ያነሰ። እንግሊዝ ውስጥ እንደዚህ የወጡ ዶሮዎችን ለቤተሰብ የሚያድል የበጎ አድራጎት ድርጅት ከ2005 ጀምሮ አለ። የዶሮዎቹ ፍላጎት ግን እዚያም እዚህም አንድ ነው።

ጠዳ_ሜዳ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እንግዲህ ለየተቀባዩ የምንሰጠው ወረቀት ላይ ይህን እንጽፋለን፦ የዶሮዋ ዕድሜ በሳምንት፣ ክትባት የወሰደችበት ቀንና የሚደገምበት፣ መድኃኒት ከወሰደች ስሙና የመቆያው ማብቂያ ቀን፣ የመኖው ዓይነት፣ ላባ በመቀየር ላይ መሆን አለመሆኗ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ እንቁላል ይዟት ቀጥ ብላ፣ ጭራዋን ጥላ የምትቆም ዶሮ ብናይስ?

አንገረብ_የእንስሳት_ጤና

ወረቀቱ ላይ የስልክ ቁጥርም ይኑር፣ ታማሚ ስታይ የምትደውልለት ሰው ይኑራት ተቀባይዋ።

ቆማ የቀረችውን በ38 ዲግሪ ገደማ ለብ ያለ ውሃ፣ ለክርናችሁ የሚመች፣ እስከ ሆዷ ድረስ ለ20 ደቂቃ አቆዩአት። አድርቃችሁ ጨለማና ሞቃት ሣጥን ውስጥ ካልሲየም ስጧት። ሆዷን አትጫኑ፤ እንቁላሉ ውስጥ ከተሰበረ ያቆስላታል። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ካልጣለች ወደ ክሊኒክ ውሰዷት። ቁመናዋ ያው ሆኖ ሆዷ ላላ ያለና የከበደ ከሆነ ግን እንቁላል አልያዛትም፣ ውስጧ የፈሰሰ ነው፤ ውሃው አይረዳትም፣ አታሠቃዩአት።

እግሯ ከድቷት በጎኗ የተኛችውን ደግሞ ከሌሎቹ ለዩና መኖና ውሃ አፏ ሥር አድርጉላት፣ የኖራ ጠጠር ጨምሩላት። የካልሲየም እጥረቱ ብቻ ከሆነ በሦስት ወይም አራት ቀን ውስጥ ትቆማለች። አንድ እግር ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ ከተዘረጋ ግን ማሬክ የሚባለው በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ሳያያት ወደ መንጋው አትመልሷት።